የዘጠና ደቂቃ ጾም

እኔ ጉልበቴንና ዘመኑን ሳማርር አለሁ። ጉልበቴ እንኳ ፀሐይ ሲያገኝ ይለቀኛል፤ ዘመኑ ግን ክረምት ከበጋ እንደነዘረኝ ነው።

የአሁኑን ብሶቴን የቀሰቀሰው የልጅ ልጄ ነው። ከወር በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በልጄ ቤት ሳሎን ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ የአሜሪካኖችን እግር ኳስ ያሳያል። እግር ኳስ ይበሉት እንጂ፣ ድፎ ዳቦ የሚያህል ነገር ታቅፎ የሚሮጥን ሰው ለአሥራ አንድ አባሮ መጣል ነው። የዋሽንግተኑ ቡድን የድሮ ስሙን በ2020 ጥሎ፣ ክርስትና እንዳልተነሣ ሕፃን ሁለት ዓመት ዝም ብሎ «የዋሽንግተን እግር ኳስ ቡድን» ሲባል ቆይቶ፣ በ2022 ኮማንደርስ ተባለ። እኔ ገና የቀድሞውን ረስቼ አልጨረስኩም።

«አባባ» አለኝ ልጁ፣ «ተጫዋቾቹ ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ትዊተር ላይ መጻፍ እንደማይፈቀድላቸው ታውቃለህ?» (አንቱታ አትላንቲክን ሳይሻገር ቀርቷል፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።)

እኔም ክው አልኩ። የደነገጥኩት በክልከላው አይደለም፤ ክልከላ ደግ ነው፣ ክልከላ ስሰማ ሆዴ ይረካል። የደነገጥኩት ክልከላ ማስፈለጉ ነው። አዋጅ የሚታወጀው ሰው ሲያደርገው ለተገኘ ነገር ነው። «በቅዳሴ መካከል ሽንኩርት መክተፍ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም፤ ሲከትፍ የተያዘ የለማ! እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በግጥሚያ መካከል ሲጽፉ ተይዘው ነው ማለት ነው። ለሥራው በሚሊዮን የሚከፈለው ጎልማሳ፣ ሰባ ሺህ ሰው ቆሞ እየጮኸለት፣ አጎንብሶ በአውራ ጣቱ ሲነካካ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ፤ በእኛው ብቆጥር የልጅ ልጄ ሰባት ዓመት የዘገየሁ ይመስለዋል) ኤንኤፍኤል የሚሉት ሊግ፣ ተጫዋችም ሆነ አሰልጣኝ ከጨዋታው 90 ደቂቃ በፊት ከማኅበራዊ ሚዲያ እጁን ይሰብስብ፣ ጨዋታው ካለቀም በኋላ ለጋዜጠኞች ቃሉን ሳይሰጥ አይመለስበት አለ። በወኪል ማስጻፍም አይቻልም። የቅርጫት ኳሱ ኤንቢኤ በዚያው ዓመት ተከትሎ 45 ደቂቃ አደረገው። ቤዝቦሎቹ 30 ደቂቃ ይበቃናል አሉ። በረዶ ላይ ገና የሚጫወቱት፣ ኤንኤችኤል የሚባሉት፣ በ2011 ሁለት ሰዓት ሙሉ ብለው ደነገጉ። ከሁሉም ጨዋ እነሱ ናቸው ማለት ነው፤ የረገፈ ጥርሳቸውን አትዩ።

ወገኖቼ፣ እኛ እኮ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተለይተን «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ስንባል «ምንም አይል» የምንል ሕዝብ ነን። እነዚህ ደግሞ 90 ደቂቃ ከስልክ ይለዩ ቢባል ወሬው ጋዜጣ ሞላ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዐቢይን አንድም ቀን አላፈርስም። ሐኪሙ ለስኳሬ ያዘዘልኝን እንቁላል መቼም ጾም አፈረሰ የሚል የለም።

ነገሩን ካባባሱት አንዱ ቻርሊ ቪላኑዌቫ የሚባል፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈ ጎረምሳ ነው። በመጋቢት 2009 ቡድኑ ሚልዋኪ ከቦስተን ሲጋጠም፣ በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ትዊተር ላይ ጻፈ። አሰልጣኙ ስኮት ስካይልስ ተቆጣው። ሚልዋኪ ያን ቀን አሸንፏል፤ ቢሆንም እንዲያ ያለ ድል ምን ይጣፍጣል?

በእኛ ጊዜ የእረፍት ሰዓት የብርቱካን ሰዓት ነበር። አንድ ብርቱካን ለአራት ይሰነጠቃል፣ እስከ ልጣጩ ይመጠጣል፣ ከቧንቧ በእፍኝ ውሃ ይጠጣል፣ አሰልጣኙ ይሳደባል፤ በቃ። ብርቱካኑም ያኔ የጭንቅላት ያህል ነበር። እኔ የሰፈሬ በረኛ ሆኜ ስቆም ሐሳቤ ከኳሱ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሜዳው ዳር ዣንጥላ ይዛ ለቆመች ልጅ በእረፍት ሰዓት ብጣሽ ወረቀት ጽፌ በኳስ አቀባዩ ልጅ ልኬላት ነበር፤ መልሱ እስኪመጣም ዐይኔን ከዣንጥላው ላይ አላነሣሁም። ያ ግን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤና ትዊት ይለያያል። ልጅቷ ዛሬ ባለቤቴ ናት። ያን ቀን 3 ለ 0 መሸነፋችንን ትናገራለች፤ ሦስቱም ከእረፍት በኋላ ነው የገቡት የምትለውን ግን አትስሟት፣ ዕድሜ ገፍቷል።

ወደ ጉዱ ልመለስ። ቻድ ጆንሰን የሚባል ተጫዋች ነበር። መለያው ላይ 85 ቁጥር ስላለ በ2008 ሄዶ የአባቱን ስም በሕግ አስለውጦ «ኦቾሲንኮ» ተባለ፤ በስፓኝኛ «ስምንት አምስት» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሰማንያ አምስት እንኳ አይደለም! አባትየው የሰጡት ስም በማሊያ ቁጥር ሲሻር እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ይኸው ስምንት አምስት በ2010 በጨዋታ ሰዓት ትዊተር ላይ ጽፎ ተገኘና 25,000 ዶላር ተቀጣ። ደግሞ ጨዋታው ውድድሩ ሳይጀመር ለማሟሟቂያ የተደረገ ነበር። በእውነተኛው ጨዋታ ቢሆን መጽሐፍ ይጽፍ ነበር መሰለኝ።

የእሱን ስሰማ፣ ድሮ ጆ ሆርን የሚባለው ያደረገው ትዝ አለኝ። በ2003፣ ገና ትዊተር ሳይወለድ፣ የኒው ኦርሊንሱ ሆርን ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ ወደ ጎሉ ቋሚ ሄዶ፣ ቋሚው ከተጠቀለለበት ስፖንጅ ሥር ያስደበቀውን ታጣፊ ስልክ አውጥቶ እዚያው ሜዳ ላይ ደወለ። 30,000 ዶላር አስከፈሉት። በዚያን ጊዜ ይህን አይቼ «ከዚህ የባሰ አይመጣም» ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሆርን ምን ያህል ጨዋ ነበር! ቢያንስ ለአንድ ሰው ነው የደወለው፤ ደግሞም ተደብቆ።

የመኪናውን ሰው ደግሞ ስሙልኝ። በየካቲት 2012 ዴይቶና ላይ ውድድር እየተካሄደ፣ አንዱ መኪና መንገዱን ከሚያደርቀው ባለጄት ሞተር ተሽከርካሪ ጋር ተላተመና ነዳጁ ተቀጣጠለ። ውድድሩ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመ። በዚያ መካከል ብራድ ኬስሎውስኪ የሚባለው ሾፌር መሪው ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን አውጥቶ እሳቱን ፎቶ አንሥቶ ለዓለም አሠራጨ። በዚያች ምሽት ብቻ ከ100,000 በላይ ተከታይ አገኘ፤ ናስካር የሚሉት አዘጋጅ ክፍልም አልቀጣውም። ልጁ ተፈቀደልኝ ብሎ በኅዳር ስልክ በውድድር መኪናው ውስጥ ይዞ ቢገኝ 25,000 ዶላር! እኔ ዋሽንግተን ውስጥ 23 ዓመት ታክሲ ስነዳ አንድ ቀን ስልክ ነክቼ አላውቅም። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ከጠዋት እስከ ማታ ከስድስት ባልንጀሮቼ ጋር ባወራም፣ እሱ ስልክ መንካት አይባልም። ያኔ የሀገሩን ጉዳይ የምንጨርሰው በዚያ ነበር።

ቀጥሎ የምናገረውን ሴቶችና ሕፃናት ባይሰሙት ይሻላል። በሰኔ 2015 የቦስተኑ ቤዝቦል ተጫዋች ፓብሎ ሳንዶቫል፣ ግጥሚያው እየተካሄደ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ እዚያው ኢንስታግራም ከፍቶ የአንዲት ሴት ፎቶ ላይ ላይክ ተጫነ። ላይክ የሚባለው ነገር ሰዓቱን ይመዘግብ የለ? ተነቃበት፣ አመነ፣ ቡድኑም በማግሥቱ አላሰለፈውም። የሰው ልጅ ዕርቃኑን የሚሰውርበት አንድ ክፍል ቀርቶት ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ መስኮት አወጣለት።

አንቶኒዮ ብራውን ግን ከሁሉም ባሰብኝ። በጥር 2017 ፒትስበርግ ካንሳስ ሲቲን 18 ለ 16 ካሸነፈ በኋላ፣ አሰልጣኙ ማይክ ቶምሊን መልበሻ ክፍል ውስጥ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ እንደ አባት ይመክራል። ከእንግዲህ ወሬ ቀንሱ፣ ለቀጣዩ ተዘጋጁ እያለ ነው። ስለሚቀጥለው ተጋጣሚ ስለ ኒው ኢንግላንድም ለውጭ ጆሮ የማይሆን ቃል ጣል አደረገ። ብራውን ለካ ጥግ ላይ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ በፌስቡክ ላይቭ ገብቷል! ወሬ ቀንሱ የሚለው ምክር ራሱ በቀጥታ ሥርጭት ለዓለም ተላለፈ። ሊጉ 10,000 ዶላር ቀጣው። የድሮ ሰው ቢሆን አሥር ሺሁን ትቶ ጆሮውን ነበር የሚይዘው።

ቃሉም እኮ ተበላሽቷል። ድሮ ቴሌግራም ማለት መርዶ ነበር። ፖስተኛው ከበር ሲታይ እናቴ ወረቀቱን ሳታስከፍት ነጠላዋን ትገለብጥ ነበር። የሚከፈለው በቃል ብዛት ስለሆነ ማንም ትርፍ ነገር አይልም፤ «አባትህ ታሟል ቶሎ ና» ከተባለ አባትየው ተቀብሯል ማለት ነው። ዛሬ ቴሌግራም ሙዝ ከጎኑ ድመት የሚልኩበት ሆኗል። ጦማርም ደብዳቤ ነበር፤ ወጣቶቹ ወስደው ምን እንዳደረጉት እነሱ ያውቃሉ። ትዊተር የሚባለው ወፍ እንኳ በ2023 ስሙ ተቀይሮ «ኤክስ» ተብሏል። እኛ ኤክስን የምናውቀው መምህር በቀይ እስክሪብቶ ከተሳሳተ መልስ አጠገብ ሲያኖረው ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ ፈረንጆቹ ተሳክቶላቸዋል እላለሁ።

ወደ እኛው እግር ኳስ ስመጣ፣ ፍራንቼስኮ ቶቲን የማያውቅ የለም። የሮማ ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ ያን ጊዜ 38 ዓመቱ። በጥር 2015 ላዚዮ ላይ ሁለት አግብቶ 2 ለ 2 ካደረገ በኋላ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሮጠና ከበረኞች አሰልጣኙ ስልክ ተቀብሎ፣ ደጋፊውን ከጀርባው አድርጎ የገዛ ፊቱን ፎቶ አነሣ። በሮማ! አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሌሊት በችቦ ብርሃን ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በገባባት ከተማ! አበበ እንደ ገባ ምን አደረገ? እዚያው ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ስልክ ቢኖረውስ የት ይከተው ነበር? ጫማ ያልያዘ ሰው! የአበበን ሩጫ ፊልም የልጅ ልጄ በስልኬ አውጥቶልኛል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እያየሁ አለቅሳለሁ፣ በቅዳሴ ማግሥት ደግሞ አራት ጊዜ።

እኔማ ጨዋታ እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። በጥር 1962 የሦስተኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ የመግቢያ የለኝም፤ ከስታዲየሙ ውጭ ካለ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቻለሁ። ያ ባሕር ዛፍ ዛሬ አንድም የለም እንጂ ደመና ይነካ ነበር። ከሥሩ መግባት ያልቻለ ሕዝብ ተሰብስቧል። እኔ ከላይ ሆኜ «ግብፅ አገባ!»፣ «ተክሌ አገባ!»፣ «ሉቻኖ! ሉቻኖ! 2 ለ 2!» እያልኩ አጭር አጭር እያደረግሁ እለቃለሁ። ከታች ያለው ሰው ሲወደው ያጨበጭባል፤ የሰማው ላልሰማው ይቀባበለዋል፤ እስከ ለገሃር ድረስ ይደርሳል። ቆይቶ ብልህ ሆንኩና ለአንድ ወሬ አምስት ሳንቲም አስከፈልኩ። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ፤ 4 ለ 2፣ ዋንጫው የእኛ። የመንግሥቱን ጎል እንኳ በዐይኔ አላየኋትም፣ ሳንቲም እየተቀበልኩ ነበር። ቢሆንም እንደዚያ ቀን ጨዋታ በጽሞና ተከታትዬ አላውቅም። ትዊተር የለ፣ ወሬ የለ፣ ምን የለ!

ሊጎቹ ለምን ከለከሉ ብትሉ፣ ለጨዋነት ሲሉ እንዳይመስላችሁ። ክልከላው የሚነሣው ተጫዋቹ ለጋዜጠኞቹ ከተናገረ በኋላ መሆኑን አስተውሉ። ቴሌቪዥኑ ለጨዋታው ብዙ ገንዘብ ከፍሏል፤ የከፈለበትን ወሬ ተጫዋቹ ከመልበሻ ክፍል በነፃ ሲበትነው ማን ይወዳል? ቁማርም አለ፤ ማን እንደ ተጎዳ፣ ማን እንደማይሰለፍ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ለአቋማሪ ሲሳይ ነው። በ2009 የአሜሪካ ክፍት የቴኒስ ውድድር ላይ ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ተለጥፎ ነበር። ተጫዋቹ አንዲ ሮዲክ ማስጠንቀቂያውን ጠላው፤ መጥላቱንም የተናገረው በትዊተር ነው።

ተጫዋቹ ስልኩን ሲያስቀምጥ ደግሞ ክለቡ ስልክ የያዙ ልጆች ቀጥሮ ሜዳው ዳር ያቆማል። ባለቤቱ ዝም ይበል፣ ቅጥረኛው ይለጥፍለት! አስለቃሽ ቀጥሮ እንደ መቅበር ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የሊጉን ሕግ በልጄ ቤት አወጅኩ። የእሑድ ምሳ ሊቀርብ 90 ደቂቃ ሲቀረው ስልክ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ቡናው ከአቦል እስከ ቶና ተጠጥቶ በረካው ሳይወርድ ማንም አይነካውም። ያፈረሰ፣ ከኦቾሲንኮ ቅጣት ሦስት ዜሮ ቀንሼ፣ 25 ዶላር ቡና ጣሳው ውስጥ ይጥላል። የልጅ ልጄን ዳኛ አድርጌ ሾምኩት፤ ፊሽካም ገዛሁለት። ስልኮቹ የሚቀመጡበትን ቸግሮን ባለቤቴ ከሀገር ያመጣችውን መሶብ ሰጠች።

የመጀመሪያው እሑድ ስምንት ሰው ስልኩን እያጉረመረመ መሶቡ ውስጥ አኖረ፤ የኔን ለመድኃኒት ሰዓቴ ብዬ ኪሴ ውስጥ ተውኩት። መሶቡን ዐየሁት። ስምንት ስልክ አፉን ዘግቶ ተጋድሟል። ዕንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ነገርማ ለወገን ሳይታይ አይቀርም ብዬ፣ መሶቡን ፎቶ አነሣሁና «ዝምታ ወደ ቤታችን ተመልሷል» የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ ጨምሬ በቴሌግራም ለድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለቀቅሁት። 43 ሰው ወደደው። 44ኛውን እየጠበቅሁ ሳለ ፊሽካው ተነፋ።

አስረዳሁት። «እኔ አዋጅ አስነጋሪ ነኝ፤ አዋጅ ደግሞ ካልተነገረ አይጸናም» አልኩት። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በ2011 የቺካጎው አሰልጣኝ ኦዚ ጊየን ከሜዳ ከተባረረ በኋላ ትዊተር ላይ በመጻፉ፣ የ47 ዓመት ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት ጨዋታ ታግዶ ገንዘብም መቀጣቱን ነገረኝ። «ሕጉ ለአለቃም ነው፣ አባባ» አለኝ። ባለቤቴም ከጓዳ ሆና «ከዣንጥላው ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አለች።

ለዚህ ነው ለእናንተ አቤት ማለቴ። የሰው ሀገር ዳኛ ሽማግሌ አያከብርም፤ እናንተ ግን የዱሮ ሰዎች ናችሁ፣ ታውቁኛላችሁ። ሁለተኛው እሑድ ያነሣሁት የመሶቡን ክዳን ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ቅጣቱ ግፍ ለመጻፍ ነበር። ጣሳው ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ እሑድ ድረስ ያለብኝ 75 ዶላር ደርሷል። አልከፍልም።